ግራው የአባቴ፣ ቀኙ የአጎቴ

ሠርጌ በሁለት አሜሪካውያን ሳክስፎን ነፊዎች የተነሳ ሊቀር ነበር ብል ማንም አያምነኝም። የባሰው ደግሞ አሜሪካኖቹ አልተጣሉም። እኛን አያውቁንም፤ አርባ ምንጭ የምትባል ከተማ መኖሯንም አያውቁም፤ በዚያ ላይ ሁለቱም ከሞቱ ቆይተዋል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ በእኛ ግቢ ቢሆን መስከረም በየሳምንቱ በጠባ ነበር።

ነገሩ የሆነው የእኛ ሚሊኒየም ሊገባ ዓመት ሲቀረው ነው። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዞን መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የጠፋ የሰው ደብዳቤ ስፈልግ እውልና ወደ ሴቻ ሰፈር፣ ወደ ግቢያችን እመለሳለሁ። ግቢው የአባቴና የታላቅ ወንድሙ ነው፤ ከአባታቸው የወረሱት። መሐሉ ላይ የቀርከሃ አጥር አለ። ከአጥሩ ወዲህ አባቴ፣ እናቴና እኔ፤ ከአጥሩ ወዲያ አጎቴ ብቻውን። ሁለቱ ወንድማማቾች ቃል ከተነጋገሩ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። አጎቴ ልብስ ሰፊ ነው። የአባቴ ሱሪ ሲቀደድ ግን እናቴ ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ድረስ ወርዳ ታሰፋለች፤ የአጎቴ የስፌት መኪና አጥሩ ሥር ሲንጣጣ እየሰማች።

በወጣትነታቸው ሁለቱም በክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ውስጥ ቴነር ሳክስፎን ይነፉ ነበር። ለእንዲህ ያለች ትንሽ ቡድን ሁለት ቴነር ምን ያደርግላታል ሲባል፣ አሠልጣኛቸው «አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይነፋል» ይል ነበር አሉ። ኋላ አጎቴ ለጦርነቱ ተመለመለና ወደ ሰሜን ዘመተ። ሲሄድ ሳክስፎኑን ለአባቴ አስረክቦ «አደራ» አለው። ዓመት ሳይሞላ መርዶ መጣ። አብሮት የነበረ ወታደር፣ ሲወድቅ በዓይኔ አይቼዋለሁ ብሎ ማለ። ሬሳ የለ፤ ምን ይቀበር? አባቴ ሣጥን አሠራ፤ ሳክስፎኑን ሣጥኑ ውስጥ አስተኛውና ወደ ደጋው፣ ኦቾሎ ወጥቶ በአያቶቻችን መሬት ላይ ቀበረው። ድንጋይ ተተከለ። ሰፈሩ ለቅሶ ደረሰ። እድሩ ስሙን ከመዝገብ ሰረዘ። በስምንተኛው ወር አጎቴ በእግሩ እየኳተነ መጣ።

ሌላ ቤት ቢሆን እልልታው እስከ ሲቀላ ይሰማ ነበር። በእኛ ቤት አጎቴ ደጃፉ ላይ እንደቆመ «ሳክስፎኔስ?» አለ። አባቴ «ተቀብሯል» አለ። አጎቴ «ያንተስ?» አለ። አባቴ «የለም» አለ። በቃ። ከሞት የተመለሰ ወንድምና ያለቀሰለት ወንድም በዚያ ቀን የተለዋወጡት ንግግር አራት ቃል ነው።

በማግስቱ አጎቴ፣ ይቆፈርና ይውጣልኝ አለ። አባቴ፣ መቃብር አይከፈትም፤ ጎሜ ነው አለ። ጎሜ ማለት በእኛ በጋሞዎች ዘንድ የተከለከለውን ስትደፍር በቤትህ የሚመጣ መዓት ነው፤ ልጅ ይታመማል፣ ላም ትነጥፋለች፣ ሴት ልጅ ቆማ ትቀራለች። አጎቴ፣ እኔ ካልሞትኩ መቃብሩ የማን ነው አለ። «የራሱን ደብቆ የእኔን ቀበረ! አደራ በላ!» አለ። አባቴ ግን ዝም። ዝም አይነቅዝም ይላል አባቴ። አይነቅዝም እንጂ ይሻግታል፤ እኔ ውስጡ ስላደግኩ አውቀዋለሁ። በዚያው ሳምንት አጥሩ ታጠረ።

አጎቴን እድሩም መልሶ አልተቀበለውም። ሰብሳቢው፣ ከሞተ በኋላ ለሚመለስ አባል ደንባችን ላይ አንቀጽ የለንም አሉት። ሚስትም አላገባም። መቃብሩን ያየች ሴት ምን ብላ ታገባኛለች ይላል፤ እየሳቀ ነው የሚለው፣ ግን እውነቱን ነው።

እንግዲህ ወደ አሜሪካኖቹ። ያ አሠልጣኝ አርጅቶ ልጆቹ ወዳሉበት አዲስ አበባ ሲጠቃለል አንድ ቴፕ ይዞ ግቢያችን መጣ። ቴፑ በግራና በቀኝ የሚነቀሉ ሁለት እስፒከሮች አሉት፤ ውስጡ አንድ ካሴት አለ። ካሴቱ ላይ በስክሪብቶ «ሁለት ቴነር» ተብሎ ተጽፏል። ከሸክላ የተቀዳ ጃዝ ነው። በዚያ በደጉ ዘመን፣ አለ ሽማግሌው፣ አሜሪካኖቹ ሁለት ቴነር ነፊ ፊት ለፊት አቁመው በአንድ ቀን አንድ ሸክላ ያስቀርጹ ነበር፤ እንዲህ ያለ ብዙ አለ፤ እኔ ከሰማሁት ሁሉ ግን የዚህ አቻ የለውም። አንደኛው በግራ፣ አንደኛው በቀኝ ነው የተቀዳው አለ። ከዚያ ግቢው መሐል፣ አጥሩ ጋ ቆሞ «ለሁለቱ ቴነሮቼ» አለና ቴፑን መሬት ላይ አስቀምጦ ሄደ። ለማን እንደሰጠ አልተናገረም። ተንኮለኛ ሽማግሌ! አስቦበት ነው።

የሰፈር ሽማግሌዎች ተሰየሙ። ሁለት ቀን መከሩ። በሦስተኛው ቀን ፈረዱ፤ ቴፑ አባቴ ቤት ይቀመጥ፣ ካሴቱ አጎቴ ቤት ይቀመጥ። እስፒከሩስ? ቀኝ የታላቅ ነው፣ ቀኙን ታላቅየው ይውሰድ ተባለ። ሽቦው በአጥሩ ሥር አልፎ አጎቴ መስኮት ላይ ወጣ። አጎቴ ይህን ፍርድ ወደደው። ጠዋት ጠዋት በሩን ሲከፍት «ጌታዬ፣ ቀኝ አውለኝ» የሚለው ድምፁ ጨመረ፤ ለእግዜር ሳይሆን ለአባቴ ነበር የሚያሰማው።

በየእሁዱ ከምሳ በኋላ ሥርዓቱ ይጀመራል። አጎቴ ካሴቱን በፌስታል ጠቅልሎ አጥሩ ላይ ያንጠለጥልና ሁለቴ ያስላል። እናቴ ወጥታ ታነሳለች፤ ቴፑ ውስጥ ትከታለች። ሲያልቅ አጠንጥና መልሳ ታንጠለጥላለች፤ ሁለቴ ታስላለች። አንድ እሁድ ሳታጠነጥን መለሰችና ለሚቀጥሉት ሦስት እሁዶች ካሴት አልመጣም።

ታዲያ ምን ሆነ? ቀረጻው አንዱን ሰው በግራ፣ አንዱን በቀኝ አድርጎታል አላልኩም? የአባቴ እስፒከር ግራውን ብቻ ያሰማል። ይሄ ግራው ሰውዬ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ትንፋሹ ከዜማው ቀድሞ ይሰማል፤ ምቱ ካለፈ በኋላ ነው ተዝናንቶ የሚገባው፣ የሚያሳድደው እንደሌለ ሰው። የአጎቴ ደግሞ ስል ነው። ይቸኩላል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ለመተንፈስ ጊዜ የለውም። አራት ምት ይሄኛው፣ አራት ምት ያኛው፣ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። አባቴ ግን ቤቱ ውስጥ የሚሰማው አራት ምት ሙዚቃ፣ ከዚያ አራት ምት ባዶ ነው፤ ከበሮው ብቻ ከሩቅ ኮሽ ኮሽ ይላል። ያኛው ረጅም ሶሎ ሲያወጣማ አባቴ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ግድግዳ እያየ ይቀመጣል።

«ሰረቀኝ» ይላል አባቴ። «ሁለት ሰው ነው የተሰጠን። አንደኛውን ወስዶታል።»

«አባዬ፣ እሱም አንድ ብቻ ነው የሚሰማው። ሌላኛው አንተ ጋ ነው።»

«እኔ ጋማ ያለው የእኔ ነው። የሰረቀኝን ይመልስ!»

አጎቴም ወዲያ ማዶ ተመሳሳይ እሳት ውስጥ ነው። ከአባቴ ጋር ስለማይነጋገር ለልብስ ስፌት መኪናው ነው የሚናገረው፣ አጥሩን እንዲሻገር አድርጎ። «አንቺ መኪና፣ ሰምተሻል? የቴፑን ባላንስ ወደ ግራ እያዞረ ሰውዬዬን ያፍንብኛል! ሊጨርስ ሲል ነው የሚዘጋብኝ!»

ሁለቱን የምሰማ እኔ ብቻ ነበርኩ። የልብስ ማስጫው ገመድ አጥሩ ጥግ ነው፤ እሁድ ልብሴን ሳሰጣ በግራ ጆሮዬ የአባቴ ሰውዬ፣ በቀኝ ጆሮዬ የአጎቴ ሰውዬ ይገባል። ኧረ እንዴት ያምራል! ጃዝ ምን እንደሆነ ማንም አላስተማረኝም፤ ግን እርጥብ አንሶላ ይዤ ደርቄ የቀረሁባቸው እሁዶች ብዙ ናቸው። አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይመልሳል። አንዱ ይቀልዳል፣ ሌላው ቀልዱን ይቀማዋል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም አንድ ላይ ይነፋሉ። ያንን መጨረሻ አባቴም አጎቴም ሰምተውት አያውቁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ለአንድ እሁድ እንኳ እስፒከር ተቀያየሩ ብል አባቴ «ከእሱ ሣጥን የወጣ ድምፅ ጆሮዬ አይገባም» አለ።

ስምንት ዓመት እንዲህ ኖርን። ለምጄው ነበር። ሰው ምን የማይለምደው አለ?

ከዚያ እጮኛዬ ሽማግሌ ላከ። እጮኛዬ ምዕራብ ዓባያ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚሠራ የሙዝ ባለሙያ ነው፤ ቤተሰቡ ገረሴ ነው ያለው። እወደው ነበር፣ አሁንም እወደዋለሁ፣ ምን ይደበቃል። አባቱ ራሳቸው ከሁለት ሽማግሌ ጋር ከደጋ ወርደው መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገር የማያልፋቸው ሰው ናቸው። አባቴ ቤት ተቀመጡ፤ በልተው ጠጡና «የቤቱ ታላቅ የት አሉ? ታላቅ ሳይመርቅ ልጅ አትወጣም» አሉ።

አባቴ ብርጭቋቸውን ሞላላቸው። እናቴ ወለሉን አየች። ዝም የማይል አንድ ጎረቤት ሁሉንም ነገር ዘከዘከው፤ ጦርነቱን፣ ሣጥኑን፣ ኦቾሎ ያለውን ድንጋይ፣ አጥሩን፣ ሽቦውን። አማቼ ሊሆኑ የነበሩት ሰውዬ ሰምተው ሲጨርሱ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«መቃብር ያለው ሰው አይመርቅም» አሉ። «ሙት ከሆነ ሙት ነው። ሕያው ከሆነ ደግሞ ሕያውነቱን የቤቱ ሰው ይናገር። አሁን ግን ይሄ ቤት ሙቱንም ሕያውንም አጣልቶ ይዟል። ጎሜ ነው። ልጄን ጎሜ ውስጥ አልከትም። የዛሬ ሁለት እሁድ እመለሳለሁ። እንዲህ እንዳለ ካገኘሁት ቃላችንን እናነሳለን።»

መቃብር ያለው አይመርቅም የሚል ሕግ ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም። ማንም ደፍሮ አልጠየቃቸውም። እጮኛዬ ሲሸኛቸው ወደ እኔ ዞር ብሎ «እንግዲህ አባቴ ናቸው…» አለ። አባትህ መሆናቸውንማ አየሁ! ሌላ የምትለው ነገር የለህም ወይ ብዬ ጮህኩበት። ማታውን አለቀስኩ፤ ጠዋት ተነስቼ መዝገብ ቤት ፈቃድ ሞላሁና ኦቾሎ ወጣሁ።

ኦቾሎ፣ መቃብሩ አጠገብ የሚኖሩ፣ ከአያቴ ጋር ያደጉ አንድ ትልቅ ሽማግሌ አሉ። ደም የተቃቡ ሰዎችን ያስታረቁ ናቸው። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «አባቴንና አጎቴን አስታርቁልኝ፤ ሠርጌ ሊቀር ነው» አልኩ። ሳቄም እንባዬም እየመጣ ስለ ካሴቱም ነገርኳቸው፤ ምን ያህሉን እንደተረዱኝ እንጃ። አማርኛቸው አልፎ አልፎ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጋል፤ የእናቴም ያው ነው፣ እኛ ቤት ማንም ማንንም አያርምም።

እሁድ ከሁለት አረጋውያን ጋር መጡ፤ በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። እርጥብ ሣር የያዘ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ሲቆም የጋሞ ሰው እምቢ ማለት አይችልም። አባቴ ወጣ፤ አጎቴም ወጣ። ሽማግሌው አንዱም ቤት አልገቡም። አጥሩ ጋ፣ የልብስ ማስጫዬ ሥር፣ ሽቦው በሚያልፍበት ላይ በርጩማ አስመጥተው ተቀመጡ።

«ክሱን እሰማለሁ» አሉ። «ክፈቱት።»

አጎቴ ፌስታሉን አንጠለጠለ፤ ሁለቴ አሳለ። እናቴ ከፈተችው።

ሽማግሌው ካሴቱን ከዳር እስከ ዳር ሰሙት። ግራው ሲነፋ ወደ አባቴ ቤት ይዞራሉ፤ ቀኙ ሲነፋ ወደ አጎቴ ቤት ይዞራሉ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዳንዴ «እ!» ይላሉ፣ ችሎት ላይ እንደሚሉት። ሲያልቅ በጣታቸው ወደ አባቴ መስኮት አመለከቱ።

«ይቺ ሰውዬ ማናት?»

«አሜሪካዊ ነው አባባ» አልኩ።

«ያችኛዋስ?»

«እሱም አሜሪካዊ ነው።»

«ለምን ተጣሉ?»

አጎቴ አላስቻለውም። «አልተጣሉም አባታችን፣ እየተጫወቱ ነው!»

«እኔን ልታታልል?» አሉ ሽማግሌው። «አርባ ዓመት ክርክር ሰምቻለሁ። ይሄ ክርክር ነው። ይቺ ትናገራለች፣ ያቺ ትመልሳለች። ያቺ ቁጡ ናት። ይቺ ደግሞ አንድ ነገር ሆዷ ውስጥ ይዛለች፣ አልተናገረችም። የት ናቸው? ይጠሩ።»

«ሞተዋል» አለ አጎቴ።

«ታርቀው?»

ማን ያውቃል? ሽማግሌው ሁለቱን አረጋውያን አዩ፤ ሁለቱ አረጋውያን ደረታቸውን ነኩ። «እንግዲህ ይኸው!» አሉ። «ሳይታረቁ የሞቱ ሰዎች አንዱን በዚህ ቤት፣ አንዱን በዚያ ቤት አሳድራችሁ ስምንት ዓመት! በመሐል አጥር አጥራችሁ! ታዲያ ይቺ ልጅ እንዴት ታግባ?»

አቤት አምላኬ! እኔ የሄድኩት ለአባቴና ለአጎቴ ነው፤ ሽማግሌው የመጡት ለአሜሪካኖቹ ነው። ላቋርጣቸው ስል እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«ባለጉዳዩ በሌለበት ያሳደረው ሰው ይቆማል» አሉ ሽማግሌው። «አንተ ስለ ግራው ቁም። አንተ ስለ ቀኙ ቁም። እኔን አይታችሁ ተናገሩ።»

ለራሳቸው ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ምላሳቸው ቢጎተት አይናገሩም ነበር። ለአሜሪካኖቹ ሲሆን ግን፣ እኔ እንጃ፣ አባቴ ኮቱን ቆለፈ። አጎቴ ከአንገቱ ላይ ሜትሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ። ቆሙ።

«እኔ ቀኙ ነኝ» አለ አጎቴ ለሽማግሌው። «ይሄ ሰው ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚገባው። ምቱ ካለፈ በኋላ። እሱን ስጠብቅ ዕድሜዬ አለቀ።»

«እኔ ግራው ነኝ» አለ አባቴ። «እኔ አልዘገየሁም። እሱ ነው የሚሮጠው። ቃሌን ሳልጨርስ ይገባብኛል።»

«የት አገር ነው ይሄ የሆነው?» አሉ አንደኛው አረጋዊ።

«ኒው ዮርክ።»

«እንሰት ይበቅላል?»

«አይበቅልም።»

«ለዚህ ነዋ» አሉ አረጋዊው፤ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ። ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሏል። ከዚያ አጎቴ ድምፁ ተለወጠ።

«እኔ ቀኙ ዘመቻ ሄድኩ» አለ።

«አሜሪካ ውስጥ?»

«አሜሪካ ውስጥ። ስሄድ ሳክስፎኔን ለዚህ ሰው አደራ ሰጠሁት። ሞተ አሉኝ፤ አልሞትኩም። ስመለስ ሳክስፎኔን ቀብሮታል። የእኔን ቀብሮ የራሱን ደብቋል። አደራ በልቷል። ይህን ይናገር።»

ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው ሣሩን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ አዛወሩና «ግራው፣ ምን ትላለህ?» አሉ።

እኔ መቼም አባቴን አውቀዋለሁ፤ ዝም ብሎ ይገባል፣ ሠርጌም እዚህ ላይ አለቀለት ብዬ ነበር።

«እኔ ግራው አልደበቅኩም» አለ።

«ታዲያ ያንተ የት አለ?»

«ሣጥኑ ውስጥ።»

«ሣጥኑ ውስጥ ያለውማ የእሱ ነው።»

«የእኔም አለ። ሁለት ናቸው።»

አጎቴ ሽማግሌውን ማየት ትቶ ዞረ። «ማን ሁለት?» አለ። ይህን ያለው ለሽማግሌው አይደለም፤ ለመኪናውም አይደለም።

«ቴነሮቹ» አለ አባቴ። «ያንተን ብቻውን ማስተኛት አቃተኝ። የእኔን ይዤስ? ብነፋ ማን ይቀበለኛል?»

እናቴ ከኋላዬ «እኔ ነኝ በጋቢ የጠቀለልኳቸው፣ ጎን ለጎን» አለች።

ዞርኩባት። «አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ታውቂ ነበር?»

«ማን ጠየቀኝ?»

አጎቴ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሽማግሌው ተነስተው ሣሩን ግማሹን በአጥሩ ወዲህ፣ ግማሹን በአጥሩ ወዲያ በተኑና በጋምኛ መረቁ። «አሜሪካኖቹ ታርቀዋል» አሉኝ። በርጩማውን ለእናቴ መለሱ።

«እነዚህስ አባባ? አባቴና አጎቴስ?»

«እነሱ መች ክስ አቀረቡ?» አሉኝና ከመሸ መኪና አይገኝም ብለው ሄዱ።

ያቺን ሳምንት እንዴት እንደገፋኋት እኔ ነኝ የማውቀው። አጎቴ ከቤት አይወጣም፤ መኪናው ብቻ ከጠዋት እስከ ማታ ይንጣጣል። አባቴ ያንን አንድ ነገር ተናግሮ ቃላቱን የጨረሰ ይመስል ጭራሽ ዝም አለ። ንዴቴን መዝገብ ቤት ወሰድኩት፤ የሁለት ወረዳ ደብዳቤ አቀያይሬ ላክሁ። እጮኛዬ ደውሎ «እንዴት ሆናችሁ?» ሲለኝ «አሜሪካኖቹ ታርቀዋል» አልኩት። ጥሩ ነው አለኝ፣ ምስኪን።

እሁድ ጠዋት የገረሴው ሰውዬ መጡ። ሽማግሌዎቻቸው ተከትለዋል፤ እጮኛዬ ከኋላ ቆሟል። ማንጎው ሥር አግዳሚ ተዘረጋ። አልተቀመጡም፤ መልሱን ሳልሰማ አልቀመጥም አሉ። የአጎቴ በር ዝግ ነው። አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መሬት ያያል። እኔ መድረሻ አጣሁ። በቃ፣ አልኩ በልቤ፣ ቆመሽ ቀረሽ፤ ደብዳቤ እየፈለግሽ ታረጂያለሽ።

በሩ ተከፈተ። አጎቴ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲሰፋው የከረመው ኖሯል፣ ጥቁር፣ ትከሻው ልክክ ያለ። አጥሩን ዞሮ በውጭ በር በኩል ገባና ከእንግዶቹ ፊት ቆመ። አጥሩ ከታጠረ ወዲህ ወደ እኛ ወገን ሲገባ ያየሁት የመጀመሪያ ቀኔ ነው። የገረሴው ሰውዬ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ሞተዋል የተባሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«አሁንስ? ሙት ነዎት ሕያው?»

«እኔን አይጠይቁኝ» አለ አጎቴ። «የቀበረኝን ይጠይቁት።»

ሁላችንም አባቴን አየነው። አባቴ እጁን ከኋላው ፈታ። ወደ ገረሴው ሰውዬ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸውን አልፎ ሄደ። አጎቴ ፊት ሲደርስ እንደ ታናሽ ዝቅ አለና ጉልበቱን ያዘ።

«ወንድም ጋሼ» አለ፤ እንዲህ ብሎ ሲጠራው ከልጅነቴ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። «እንኳን በሕይወት መጣህልኝ።»

አጎቴ በአባቴ ጀርባ ላይ እጁን አሳረፈ።

«እንኳን በደህና ቆየኸኝ» አለ።

እናቴ እልል አለች፣ ማንም ሳይፈቅድላት። የገረሴው ሰውዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።